ግምጃ ቤት በሰርቨር ላይ
(ስለ ሶፍትዌር ማከማቻ አቋቋምና አጠባበቅ)

አዲስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ ነው። እኔ የተወለድሁት በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ፣ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ ስለሆነ እውነቱን በመለስሁ ቁጥር ጓደኞቼ «የማን ግምጃ ቤት? ታዲያ ወርቁ የት አለ?» እያሉ ሲስቁብኝ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እኔም አብሬ ከመሳቅ በቀር መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ክረምት ግን አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) የኮምፒዩተር ክፍሉን እንዳደራጅለት ጠይቆኝ ለሥራው ስዘጋጅ፣ ይኸው የከተማዬ ስም የነገሩ መፍቻ ሆኖ አገኘሁት። ይህችን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት ለማቅረብ የተነሣሁትም ስለዚህ ነው። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሰርቨር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ከብረቱ ይልቅ ወደ መዝገብና ወደ ማኅተም፣ ማለትም ወደ እኛው ሙያ፣ የቀረበ ነው።

ግምጃ ማለት በቀድሞው አማርኛ የሐር ልብስ ነው። ግምጃ ቤትም የውድ ልብስ ማኖሪያ ከመሆን ትርጉሙ እየሰፋ ሄዶ የንጉሥ ወይም የደብር ንብረት ሁሉ የሚጠበቅበት ቤት ሆነ። ቤቱ ብቻውን ግን ግምጃ ቤት አያሰኝም። ጎተራም ቤት ነው፤ ባለቤቱ እጁን ሰድዶ የፈለገውን ያህል እህል ይዘግናል፣ የሚጠይቀውም የለም። የንጉሥ ግምጃ ቤት ግን በጅሮንድ የተባለ ሹም ነበረው፤ የገባውና የወጣው የሚጻፍበት መዝገብ ነበረው፤ ትእዛዝም ማኅተም ከሌለበት አይፈጸምም። በሰርቨር ላይ የሚቋቋመው የሶፍትዌር ማከማቻም፣ ፈረንጆች ሪፖዚቶሪ የሚሉት፣ እንደዚሁ ነው። ይህን በጎተራና በግምጃ ቤት መካከል ያለውን ልዩነት ባለማወቄ የደረሰብኝን ኀፍረት በኋላ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚጠቀለል እንመልከት። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ጌሾ ያስፈልገዋል፤ ብቅል ያስፈልገዋል፤ ጋንም ሳይታጠን አይሆንም። እንደዚሁም ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደል የሚሥል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ያም ደግሞ ሌላውን ይፈልጋል። ቀድሞ ተጠቃሚው ይህን ሁሉ ራሱ እያደነ በየተራው ማስገባት ነበረበት፤ አንዱን ሲያገኝ ሌላው ይጎድልበታል፤ ሌላውን ሲያመጣ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር አይስማማም። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ጥቅል ነው። ጥቅል ማለት የፕሮግራሙ ፋይሎች በአንድ ሣጥን ታሽገው፣ በሣጥኑ ላይ ስሙ፣ የእትሙ ቁጥርና «እኔ ለመሥራት እነ እገሌ ያስፈልጉኛል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ማለት ነው። ጥቅሎቹ ከነመዝገባቸው የሚኖሩበት ቤት ማከማቻው ነው። በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ያለው መልእክተኛ ፕሮግራም መዝገቡን ያነብባል፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ቈጥሮ በአንድ ጉዞ ያመጣል።

ይህን አሠራር በስፋት ካስለመዱት አንዱ በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ኢያን መርዶክ በሚባል ወጣት ተማሪ የተመሠረተው ደብያን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መልእክተኛው አፕት ይባላል፤ በ1991 ዓ.ም. ከወጣው ከደብያን 2.1 ጋር ለሕዝብ ቀረበ። በሬድ ሃት ወገን ደግሞ ጥቅሉ አርፒኤም፣ መልእክተኛው ቀድሞ ያም፣ ዛሬ ዲኤንኤፍ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። የፐርል ቋንቋ ጸሐፊዎች ሲፓን የተባለውን የጋራ ማከማቻ የከፈቱት በ1988 ዓ.ም. ነው። በእርሱ ውስጥ የአገራችን ፊደል መኖሩን ስገልጽ ደስ ይለኛል፤ ዳንኤል ያዕቆብ ለግዕዝ ፊደል ማስተናገጃ የጻፏቸውን ፕሮግራሞች በዚያ አኑረዋል፤ ከየትም አገር ያለ ሰው ወስዶ ይሠራባቸዋል።

በ1997 ዓ.ም. ኡቡንቱ በተባለ ስም ከደብያን የተወለደው ሥርዓት ሲመጣ፣ ባለቤቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ይህ ልግስና በ2003 ዓ.ም. ቆመ፤ የተሰጠውም ምክንያት ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ማውረድ ችሏል የሚል ነበር። እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥያቄ የሚጀምረው። ሰው ሁሉ ሲባል ማን ማን ነው?

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ክፍል ውስጥ 30 ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። እያንዳንዱ የሚያስፈልገው አዲስ ጥቅል ድምሩ 2 ጊጋባይት ቢሆን፣ ሁሉም ለየራሳቸው ከውጭ አገር ሲያወርዱ 60 ጊጋባይት በመሥመሩ ይመጣል። መሥመሩ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት የሚያሳልፍና ሌላ ሥራ የሌለበት ቢሆን እንኳ ይህ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ሰርቨር በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያንኑ 2 ጊጋባይት አንድ ጊዜ ቢያመጣና ለ30ዎቹ ቢያድል ግን ከውጭ ያለው ሥራ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ነው። የቀረው በግቢው ሽቦ ላይ የሚሄድ ስለሆነ ማንም ብር አይከፍልበትም። አንድን ዕቃ 30 ጊዜ ከባሕር ማዶ ማስመጣት በጤናማ አእምሮ የማይደረግ ነገር ነው፤ እኛ ግን ስለማይታየን ብቻ በየቀኑ እናደርገዋለን።

ይህ መሥመሩ ክፍት ሲሆን ነው። መሥመሩ የሚዘጋበትም ጊዜ እንዳለ ሁላችን የምናውቀው ነው። በ2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለቀናት ተቋረጠ። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ሳይከፈት ቆየ። የምክንያቱን ክርክር ለሌላ ጊዜ ላቆየውና የማወራው ስለ ውጤቱ ነው። በእነዚያ ወራት አንድ ኮምፒዩተር ቢበላሽና ሥርዓቱ እንደገና ይጫን ቢባል፣ ጥቅሎቹ ያሉት ከተዘጋው መሥመር ማዶ ነው። ኤሌክትሪክ አለ፤ ኮምፒዩተር አለ፤ ተማሪ አለ፤ አስተማሪም አለ። የጎደለው ቅጅ ብቻ ነው።

ቅጅን በሁለት ቦታ ማኖር ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን መጻሕፍት በፎቶግራፍ እያነሣ አንዱን ቅጅ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጧል። ፎቶግራፉ ብቻውን ቢቀር ግን የፊልም ክምር ይሆን ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ያደረገው እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ያዘጋጁት ዝርዝር ነው፤ የቱ ፊልም የቱን መጽሐፍ እንደያዘ፣ ከየት እንደተነሣ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው። የታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

አሁን ወደ ኀፍረቴ ልግባ። ትምህርት ቤቱ 18 ኮምፒዩተሮች አሉት፤ መሥመር የለውም። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጥቅሎቹን በአንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ይዤ ሄድሁ። ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዓባይን በረሃ ቍልቍለትና ዳገት ያውቃል፤ ዲስኩ በጉልበቴ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደዘለለ እኔ አውቃለሁ። ደርሼ ሰርቨሩን ሳቆም ኮምፒዩተሮቹ ከእርሱ ምንም አንቀበልም አሉ። ለካ የገለበጥሁት ሣጥኖቹን ብቻ ነበር፤ መዝገቡንና ማኅተሙን ትቼ መጥቻለሁ። በዚህ ጊዜ ማድረግ የሚገባኝ ተመልሶ መዝገቡን ማምጣት ነበር። እኔ ግን ብልህ የሆንሁ መሰለኝ። ሣጥኖቹን ቈጥሮ አዲስ መዝገብ የሚያወጣ ፕሮግራም ስላለ እርሱን አሠራሁ፤ ኮምፒዩተሮቹንም «ማኅተም አትጠይቁ፣ ይህን ቤት በደፈናው እመኑ» አልኋቸው። ታዘዙ። በ18ቱም ላይ መጫኑ ተጀመረ፤ በ18ቱም ላይ በአንድ ሣጥን ላይ ሲደርስ በመካከል ቆመ። ያ ሣጥን በመንገድ ላይ ወይም ከዚያ በፊት በዲስኩ ላይ ተበላሽቶ ኖሯል። እኔ ያወጣሁት መዝገብ ደግሞ የተጻፈው ሣጥኑ ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ ብልሽቱን ራሱን ልክ ነው ብሎ መሰከረለት! አስተማሪው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከመምጣትህ በፊት ይሻለን ነበር» ሲሉኝ የምገባበት አጣሁ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በኋላ ነው የማኅተሙን ነገር ቁጭ ብዬ ያጠናሁት። እነሆ እንደሚከተለው ነው። ለማንኛውም ፋይል ከውስጡ ያለውን ሁሉ አንብቦ አጭር ቁጥር የሚያወጣ ስሌት አለ፤ ይህን ቁጥር አሻራ እንበለው። ዛሬ የሚሠራበት ሻ256 የሚባለው ሲሆን አሻራው በ64 ምልክቶች ይጻፋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በደብያን ማከማቻ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ፑል የሚባል የሣጥኖቹ መጋዘን፣ ሁለተኛው ዲስትስ የሚባል የመዝገቦቹ ክፍል ነው። በመዝገቡ ውስጥ የእያንዳንዱ ሣጥን ስም፣ ልክና አሻራ ተጽፏል። ከመዝገቦቹ በላይ ደግሞ ሪሊስ የሚባል አንድ ቅጠል አለ፤ እርሱ የመዝገቦቹን የራሳቸውን አሻራ ይዟል። ማኅተም የሚያርፈው በዚች በአንዲቱ ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ማኅተሙ የሚመታበት ምስጢራዊ ቁልፍ በአሳታሚዎቹ እጅ ነው፤ ማኅተሙን መርምሮ እውነተኛነቱን የሚያውቀው የይፋ ቁልፍ ግን በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ ተቀምጧል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ማኅተሙን ያያል፤ በማኅተሙ ቅጠሉን ያምናል፤ በቅጠሉ መዝገቡን፣ በመዝገቡ ሣጥኑን ያምናል። አፕት ይህን ምርመራ በይፋ ማድረግ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ከወጣው ከደብያን 4.0 ጀምሮ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም በመጀመሪያ ሳየው አስገርሞኛል። ሣጥኖቹን ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ በማንም ዲስክ፣ በማንም አውቶቡስ፣ በማንኛውም አገር ሰርቨር በኩል ይምጣ፣ ሰንሰለቱ እስካልተበጠሰ ድረስ እምነቱ አይጎድልም። ተሸካሚውን ማመን አያስፈልግም። ስለዚህ ነው እንደ እኔ ያለ ተማሪ የዓለምን ግምጃ ቤት በነጠላ ጠቅልሎ ሊወስድ የሚችለው። እኔ ግን ሰንሰለቱን በገዛ እጄ በጥሼ በምትኩ የራሴን ቃል አኖርሁበት፤ ቃሌም ምን ያህል እንደሚያስተማምን አይታችኋል።

እንዲህ ያለውን ቤት ማቋቋም ለሚፈልግ ጓደኛ የሥራውን መንገድ ልናገር። ሰርቨር ሲባል ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ አይደለም፤ ፋይል ማደል ቀላል ሥራ ስለሆነ ያረጀ ዴስክቶፕ ይበቃዋል። የሚያስፈልገው ጤነኛ ሰፊ ዲስክ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ድንገት እንዳይወድቅ ትንሽ ዩፒኤስ፣ የማይለወጥ አድራሻ፣ እንደ አፓቺ ወይም ኤንጂንክስ ያለ ፋይሎቹን ለጠየቀ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ውሳኔ ምን ያህሉን እቀዳለሁ የሚለው ነው። ደብያንን ሙሉውን ልገልብጥ ያለ ሰው ከሁለት ቴራባይት በላይ ይሸከማል፤ ምክንያቱም በውስጡ እኛ አገር ፈጽሞ ላልታዩ የኮምፒዩተር ዓይነቶች የተዘጋጁ ሁሉ አሉበት። አንድ እትም፣ አንድ የማሽን ዓይነት፣ ዋናውን ክፍል ብቻ ብሎ የመረጠ ግን መቶ ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የወጣው ደብያን 12 ከ64,000 በላይ ጥቅሎች አሉት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ተራ ዲስክ ላይ ይገባል ማለት ነው። ለመምረጥና ለመገልበጥ ዴብሚረር ወይም አፕት ሚረር የተባሉት ፕሮግራሞች ያገለግላሉ፤ መዝገቡንና ማኅተሙንም አብረው ስለሚያመጡ የእኔን ስሕተት ማንም አይደግመውም። መሥመር ላለው፣ ግን መሥመሩ ቀጭን ለሆነበት ክፍል ደግሞ ሙሉ ቅጅ አያስፈልግም፤ አፕት ካቸር የሚባለው አንዱ ተማሪ የጠየቀውን ጥቅል አንድ ጊዜ አምጥቶ ያስቀምጥና ሁለተኛው ሲጠይቅ ከራሱ ጓዳ ያወጣለታል። ጉዳቱ ማንም ቀድሞ ያልጠየቀው ነገር በጓዳው አለመኖሩ ነው፤ መሥመር በተዘጋ ቀን ይህ ይታወቃል። በእኔ አስተያየት እንደ አዊ ላሉ አካባቢዎች ሙሉውን መያዝ ይሻላል።

ማደሱ ከማቋቋሙ ይከብዳል። ጥቅሎች በየጊዜው ይለወጣሉ፤ በተለይም የጸጥታ ጉድለት የተገኘባቸው። በሚታደስበት ጊዜ ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ቤቱን ያፈርሳል። አስቀድሞ አዲሶቹ ሣጥኖች ወደ መጋዘኑ ይግቡ፤ ቀጥሎ መዝገቦቹና የታተመው ቅጠል ይለወጡ፤ በመጨረሻም በአዲሱ መዝገብ ላይ የሌሉት አሮጌ ሣጥኖች ይወገዱ። መዝገቡ ቀድሞ የተለወጠ እንደሆነ ተማሪው በመዝገቡ አይቶ ሊወስድ ሲሄድ ሣጥኑ ገና አልደረሰም። ቅጠሉ ተለውጦ መዝገቡ ካልተለወጠ ደግሞ አሻራው አልገጠመም የሚል ስሞታ ይመጣል። ይህ ስሞታ ሲመጣ ብዙ ሰው ሌባ ገባ ብሎ ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው በግማሽ ላይ ያለ ቤት ነው። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ማውጫውን የሚጽፈው ምዕራፎቹን ከጨረሰ በኋላ ነውና ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። የጸጥታ ጥቅሎች የሚመጡበት የደብያን ቅጠል «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ እመኑኝ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ቀኑም የአንድ ሳምንት ያህል ነው። ለምን ቢባል፣ ተንኮለኛ ሰው ያለፈውን ወር እውነተኛ ማኅተም ያለበትን ቅጠል እያሳየ አዲሱን ማስተካከያ ሊደብቅብን ይችላልና። ለእኛ ግን ዲስኩ በአውቶቡስ በወር አንድ ጊዜ ስለሚሄድ ቅጠሉ መንገድ ላይ ያረጃል። በዚህ ጊዜ የቀኑን ጥያቄ ብቻ አውቆ ማለፍ ይቻላል፤ የማኅተሙን ጥያቄ ግን አብሮ ማለፍ አይገባም። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሽ ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ኮምፒዩተሩ «የዚህ ቅጠል ጊዜ ገና አልደረሰም» ይላል። በትምህርት ቤቱ ይህ ሲሆን አንድ ትጉህ ተማሪ ቀኑን አስተካከልሁ ብሎ በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ጻፈበት፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የፈረንጅ 2017 መሰለውና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። ግማሽ ቀን ሙሉ ምክንያቱን ስንፈልግ ዋልን። ልጁን አልተቈጣሁትም፤ ሕጉን የሳተው እርሱ አይደለም።

የሩቅ ግምጃ ቤት እንደሚዘጋም ማወቅ ያስፈልጋል። ሴንቶስ 7 የተባለው ሥርዓት በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራበት ነበር። አሳታሚዎቹ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ድጋፉን አቋርጠው ጥቅሎቹን ወደ ቤተ መዛግብት ሲያዛውሩ፣ በቀድሞው አድራሻ የሚጠይቁ ሰርቨሮች ቤቱ የለም የሚል መልስ አገኙ። ከዚህም የባሰ በመጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ውስጥ አንድ ሰው በክርክር ተቈጥቶ ጥቅሎቹን አነሣ። ከእነርሱ አንዷ ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መሥመር ብቻ ያላት ነበረች፤ በእርሷ ላይ የተደገፉ ብዙ ሥራዎች በዓለም ዙሪያ በአንድ ጊዜ ቆሙ። ቅጅ በቤቱ የነበረው ግን ሥራውን ቀጠለ።

በእኛ ግምጃ ቤት ውስጥ የራሳችንንም ዕቃ ልናኖር እንችላለን። ለዚህ ሬፕሬፕሮ ወይም አፕትሊ የሚባሉት ፕሮግራሞች ጥቅሉን ተቀብለው በመዝገብ ያስገባሉ፤ በራሳችንም ቁልፍ ያትማሉ። የይፋውን ቁልፍ በ18ቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ማኖር ያስፈልጋል፤ ሲኖርም «ይህ ቁልፍ ለዚህ ቤት ብቻ» ተብሎ እንዲወሰን ይሁን እንጂ ለሁሉም ቤት እንዳይሠራ። በእኛ አካባቢ ይህ የሚጠቅምበትን አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአዊ ዞን ልጆች የሚማሩበት አዊኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በአማርኛ የሌለ ድምፅ ስላለውም ለእርሱ የተለየ ፊደል ይፈልጋል። ፊደሉን የማያውቅ ኮምፒዩተር በቦታው ባዶ ሣጥን ያሳያል። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ በደብያንና በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ በነፃ የሚገኝ ሲሆን እጅግ ትንሽ ጥቅል ነው፤ ነገር ግን እርሱም ከመሥመሩ ማዶ ነው። እኛም ከእርሱ ጋር የአዊኛ መማሪያ ጽሑፎችንና የመጻፊያ ገበታውን አቀማመጥ በአንድ ጥቅል አድርገን፣ «አቢሲኒካ ያስፈልገኛል» የሚል ወረቀት ለጥፈንበት በቤታችን አኖርነው። አሁን አስተማሪው አንዱን ስም ሲጠሩ ሁሉም አብሮ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ተማሪ የገዛ ስሟን በትክክለኛው ፊደል ጽፋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ስታየው አይቻለሁ።

የማኅተሙን ወሰንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ አለዚያ ተአምር የሸጥሁ እመስላለሁ። ማኅተም ሣጥኑ ከአሳታሚው እጅ እንደወጣ ይመሰክራል እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ተንኮል የለም ብሎ አይምልም። በመጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር የመግቢያው ጊዜ ከተለመደው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለዘገየበት ምክንያቱን ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በሚባል የማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። በሩን ያበጀው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየረዳ የባለቤቶቹን አመኔታ ያተረፈ ነበር። የተበከለው እትም በደብያን የሙከራ ክፍል ውስጥ በእውነተኛ ማኅተም ገብቶ ነበር፤ ወደ ጸናው እትም ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ እኛ በቤታችን የምንይዘው የጸናውን እትም ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር የሚያጓጓቸው ጓደኞቼ ቢያሙኝም አልለውጠውም። አዲስ ቅጅ ሲመጣም አሮጌውን ወዲያው አልጥለውም፤ አፕትሊ የማከማቻውን የዕለቱን መልክ እንዳለ ይዞ ማቆየት ስለሚችል፣ አዲሱ ቢያስቸግር ወደ ባለፈው ወር መልክ በአንድ ትእዛዝ መመለስ ይቻላል። አስቀድሞም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ሞክረን ሳምንት ካየን በኋላ ለ17ቱ እንለቅቃለን።

የቀረው የበጅሮንዱ ነገር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ተማሪ ይመረቃል፤ ይሄዳል። ዲስኩን የሚያመላልሰው፣ የማኅተሙን ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘው አንድ ሰው ብቻ የሆነ እንደሆነ እርሱ በሄደ ማግሥት ግምጃ ቤቱ ጎተራ ይሆናል። ያልታደሰ ማከማቻ ደግሞ የታወቀ ቀዳዳ ያለበትን ጥቅል በእውነተኛ ማኅተም እያደለ ይኖራል። ደብሮቻችን የዕቃ ቤት ጠባቂ ሲለወጥ ንብረቱን በመዝገብ ቈጥረው ያስረክባሉ፤ እኛም በትምህርት ቤቱ ይህንኑ አድርገናል። ምስጢራዊ ቁልፉ በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ አንዱ በአስተማሪው፣ አንዱ በርእሰ መምህሩ ካዝና ተቀምጧል፤ መክፈቻ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ለብቻው አለ። ከግድግዳው ላይ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዲስኩ የመጣበት ቀን፣ ያመጣው ሰው፣ አሻራው የተመረመረበት ቀን፣ የመረመረው ሰው ፊርማ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መሥመሮች በእኔ ስም ናቸው። አራተኛውን የፈረሙት ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ዲስኩን የላክሁላቸው በመንገደኛ እጅ ሲሆን እኔ አብሬ አልሄድሁም። በስልክ ደውለው ሁለት አሻራዎች አልገጠሙም አሉኝ፤ እንደገና ልኬላቸዋለሁ።

በመጪው ወር ዲስኩን ይዞ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ የሚሄድ ጓደኛ ካለ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን ቢተውልኝ እወድዳለሁ። ክብደቱ ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም፤ በነጠላ የመጠቅለሉ ግን ግዴታ ነው።